ፊት ሳያሳዩ ላይቭ መግባት፦ ገንዘቡ የት ላይ ይውላል?

ላይቭ መግባት የሚፈልግ፣ ፊቱን ማሳየት ግን የማይፈልግ ሰው ሲያማክረኝ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሥዕሉ ነው። «ያቺ አፏን የምታንቀሳቅሰው ካርቱን ስንት ትፈጃለች?» ይለኛል። መልሱ ዜሮ ብርም፣ ብዙ ሺህ ዶላርም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ከጭራው የተያዘ ነው። ተመልካች ያልተዋጣለት ሥዕል ይታገሣል። አንዳንዴም ይወደዋል። የሚያስተጋባና የሚቆራረጥ ድምፅን ግን ሁለት ደቂቃ አይታገሥም። ስለዚህ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ መጀመሪያ ለድምፅ፣ ቀጥሎ ለኢንተርኔት፣ የተረፈች ካለች ደግሞ ለሥዕል ማዋል ነው የሚያዋጣው። ብዙ ሰው የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ ሥዕሉን በውድ ያሠራና በላፕቶፑ ማይክ ያወራል።

ነገሩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስተዋውቅ። በራሱ ፊት ፈንታ በሚንቀሳቀስ ገጸ ባህሪ የሚያወራ ሰው «ቪቱበር» ይባላል። ቃሉን ያስለመደችው ኪዙና አይ የተባለች የጃፓን ገጸ ባህሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ላይ ዩቲዩብ ላይ ብቅ ብላ ራሷን «ቨርቹዋል ዩቲዩበር» አለች፤ ስሙ አጥሮ ቪቱበር ሆነ። ከዚያ ኒጂሳንጂና ሆሎላይቭን የመሳሰሉ ቡድኖች መጡ። ሆሎላይቭ በ2020 በእንግሊዝኛ የሚያወሩ ገጸ ባህሪያትን ሲጨምር ነገሩ ከጃፓን ድንበር ወጣ። እኔን የሳበኝ ግን የድርጅቶቹ ታሪክ አይደለም። አይረንማውስ በሚል ስም የምትታወቅ ፖርቶ ሪኳዊት አለች። የሰውነት መከላከያ አቅምን የሚያዳክም ሕመም ስላለባት አብዛኛውን ጊዜዋን ቤት ውስጥ፣ ብዙውንም አልጋ ላይ ታሳልፋለች። በ2024 ትዊች በተባለው የላይቭ መድረክ ላይ ለአንድ ወር ገደማ ባካሄደችው ስርጭት ከ320,000 በላይ ከፋይ ተከታዮች አገኘች፤ በወቅቱ የመድረኩ ክብረ ወሰን ነበር። ካሜራ ፊት ቆንጆ ሆኖ መቅረብ የማይቻለው ሰው ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ያየሁት በእርሷ ነው።

ፊት የሚቀርበት ምክንያት ደግሞ ሁሌ ሕመም አይደለም። አስተማሪ ሆኖ ተማሪዎቹ እንዳያዩት የሚፈልግ አለ። ጌም ስትጫወት ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ መልኳ የሚጻፍላት አስተያየት የሰለቻት አለች። ሲያወራ የማያፍር፣ ሲታይ ግን የሚጨነቅም አለ። ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

አሻንጉሊቷን ማን ያንቀሳቅሳታል?

ከመግዛታችሁ በፊት አሠራሩን ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። በሥራው ላይ ሦስት ፕሮግራሞች እየተቀባበሉ ይሠራሉ ብላችሁ አስቡ።

የመጀመሪያው ተመልካች ነው። በካሜራ ፊታችሁን ያያል፤ የዓይን ጥግን፣ ቅንድብን፣ ከንፈርን እየለየ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ጭንቅላት ወደ ግራ ይህን ያህል ዲግሪ ዞሯል፣ አፍ ይህን ያህል ተከፍቷል፣ የቀኝ ዓይን ተጨፍኗል፤ እንዲህ እያለ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ቁጥር ይተፋል። ሁለተኛው ቁጥሩን ተቀብሎ ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ በእጅ ውስጥ እንደሚገባ የጨርቅ አሻንጉሊት አስቡት፣ ቁጥሮቹ ጣቶቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተጠቃለው ይመጣሉ። ሦስተኛው ኦቢኤስ ነው። ነፃና ክፍት ፕሮግራም ሲሆን አሻንጉሊቷን፣ ጌሙን፣ ድምፃችሁን አንድ ላይ አዋሕዶ ወደ ዩቲዩብ ወይም ትዊች ይልካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የፊታችሁ ምስል መጀመሪያው ፕሮግራም ላይ ቀርቷል። ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ቁጥር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ቢበላሽ አሻንጉሊቷ ድርቅ ትላለች እንጂ ፊታችሁ ብቅ አይልም። ይህ የሚሠራው ግን ካሜራችሁን ኦቢኤስ ውስጥ ፈጽሞ እስካላስገባችሁ ድረስ ነው። «ደብቄዋለሁ» የተባለ ካሜራ በአንድ የተሳሳተ ጠቅታ ይገለጣል። ጨርሶ አይኑር።

ሁለት ሥዕል ይበቃል

በጣም ርካሹ መንገድ ካሜራም አያስፈልገውም። «ፒኤንጂ ቲዩበር» ይሉታል። አንድ ሥዕል አፉ የተዘጋ፣ ሌላው አፉ የተከፈተ። ስታወሩ የተከፈተው ይታያል፤ ዝም ስትሉ የተዘጋው። ሁለት ዓይን የጨፈኑ ሥዕሎች ከጨመራችሁ ደግሞ ዓይኑን ያርገበግባል። ቪያዶቲዩብ ሚኒ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል፤ አራቱን ሥዕሎች ትሰጡታላችሁ፣ ማይካችሁን ታሳዩታላችሁ፣ አለቀ። ፒኤንጂ ቲዩበር ፕላስ የሚባልም አለ፤ እርሱ ፀጉርና ጆሮን ለየብቻ ማወዛወዝ ያስችላል።

ሥዕሉን ማን ይሣለው? ራሳችሁ። በስልክ፣ በጣት። ክብ ፊት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ መስመር አፍ። እንደ ቀልድ የማወራ ሊመስል ይችላል፤ ግን በጣም ተከታይ ያላቸው ሰዎች የልጅ ሥዕል በሚመስል ነገር ሲያወሩ አይቻለሁ። አንዲት ጀበና ዓይንና አፍ ሣሉላትና ስታወሩ ክዳኗ ብድግ ይበል። ሌላ ማንም ዘንድ የሌለ ገጸ ባህሪ ይሆንላችኋል። ከጃፓን የተገለበጠች ሮዝ ፀጉር ያላት ልጅማ በሺህ የምትቆጠር አለች።

ማስተካከል ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ቋንቋ አያውቅም፤ የሚያውቀው የድምፅ ከፍታን ነው። አፉ የሚከፈትበትን ደረጃ በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲጮህ ሥዕሉ ያወራል። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ላይ ብቻ አፉን ይከፍታል፤ ለስለስ ያለው ንግግራችሁ ላይ ዝም ይላል። በተለመደ ድምፃችሁ አንድ ደቂቃ እያወራችሁ አስተካክሉት፤ ለሙከራ «ሄሎ ሄሎ» ማለት አያሳይም፣ ሰው «ሄሎ» ሲል ሳያውቀው ይጮኻልና።

ለዚህ መንገድ ደካማ ላፕቶፕ ይበቃል። ለአብዛኛው ጀማሪ ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ። ሦስት ወር በሁለት ሥዕል አውርታችሁ አሁንም ማውራት ከፈለጋችሁ፣ ያኔ ቀጣዩን ክፍል አንብቡ። አትስሙኝም አውቃለሁ፤ አሁኑኑ ነው የምታነቡት።

በነፃ የምትሠራ ባለ ሦስት ገጽታ (ስሪዲ) ገጸ ባህሪ

ቪሮይድ ስቱዲዮ ፒክሲቭ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በነፃ የሚያቀርበው ፕሮግራም ነው። ሥዕል መሣል የማይችል ሰው እንኳ እጀታ እየጎተተ ፊት ይሠራበታል፦ ዓይን ሰፋ፣ አገጭ ጠበብ፣ ቆዳ ጠቆር። የሚወጣው ፋይል ቪአርኤም ይባላል፤ ብዙ ፕሮግራሞች የሚቀባበሉት የተለመደ ዓይነት ነው።

መነሻው የጃፓን አኒሜ ስለሆነ እንደኛ ያለ ሰው ለመሥራት ትንሽ መታገል አለ። ትልቁ ትግል ፀጉር ነው። ቪሮይድ ፀጉርን የሚሠራው እንደ ጥብጣብ በተንጠለጠሉ ቁራጮች ነው፤ ለስላሳና ለሚወርድ ፀጉር ተስማሚ ነው፣ ለጎፈሬና ለሹሩባ ግን አልታሰበም። ሹሩባውን በጥብጣብ ልሥራ ብላችሁ ከተነሣችሁ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ፋይሉም ይከብዳል። የሚቀለው መንገድ የራስ ቅሉን የሚሸፍነውን ሥር ፀጉር ቀለም መቀባት ነው። የሹሩባውን መስመሮች እዚያ ላይ በብሩሽ ሣሉ፤ ከዚያ ከማጅራት በኋላ ለሚንጠለጠለው ብቻ ጥቂት ጥብጣቦች ጨምሩ። ከላይቭ ርቀት ማንም ልዩነቱን አያይም።

ልብሱ ደግሞ ደስ የሚል ሥራ ነው። የገጸ ባህሪዋን ቀሚስ ስትከፍቱት ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፣ ገና ያልተሰፋ ቁራጭ ጨርቅ ይመስላል፤ ደረቱ እዚህ፣ ጀርባው እዚያ፣ እጅጌው ጥግ ላይ። እዚያ ጠፍጣፋው ላይ የሣላችሁት ሁሉ አካሏ ላይ ይጠቀለላል። መሬቱን ነጭ ቀቡት፣ ከታች ጠርዙ ላይ ጥለቱን አዙሩበት፣ ደረቱ ላይ ጥበቡን አውርዱት፤ የሐበሻ ቀሚስ ይወጣዋል። ሥዕሉን ወደ ውጭ አውጥቶ በለመዳችሁት የሥዕል ፕሮግራም ሠርቶ መመለስም ይቻላል። ጥለቱ በጎን ስፌት ላይ እንዲገጣጠም ብቻ ተጠንቀቁ፤ እውነተኛ ሸማኔ የሚጠነቀቀውን ማለት ነው። ነጠላ ማልበስ ግን ቪሮይድ ውስጥ አይሆንም፤ ብሌንደር የሚባል ከባድ ፕሮግራም መልመድ ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ነጠላ ትቅረብ።

የተሠራችውን ገጸ ባህሪ የሚያንቀሳቅሱ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። በዊንዶውስ ላይ የታወቁት ቪሲፌስና ዋሩዶ ናቸው። ቪሲፌስ ቀለል ያለ ስለሆነ ለደካማ ኮምፒውተር እርሱን እመርጣለሁ። አንድ ብዙ ሰው የሚያንገላታ ነገር ልንገራችሁ፦ ከቪሮይድ ስታወጡ 0.0 እና 1.0 የሚባሉ ሁለት የቪአርኤም ዓይነቶች ይቀርቡላችኋል። ለቪሲፌስ 0.0ን ምረጡ፤ አዲሱን አይቀበልም። እዚያው ላይ የሥዕሉን መጠንና የቁሶችን ብዛት የሚቀንሱ ምርጫዎች አሉ፤ የግራፊክስ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ ሁሉንም ቀንሱ። ካሜራውንም 640 በ480 ላይ አድርጉት። ፊት ለመለየት ከዚያ በላይ ጥራት አያስፈልገውም፣ ትርፉ ማቃጠል ነው።

ካሜራው ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ብርሃኑ ግን ግድ አለው። ክፍሉ ከጨለመ ተመልካቹ ፕሮግራም ከንፈራችሁን ያጣዋል፤ ገጸ ባህሪዋም ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ብዙዎች ይህን አይተው አዲስ ካሜራ ይገዛሉ። መፍትሔው መስኮት ፊት ለፊት መቀመጥ ወይም አንድ አምፖል ከስክሪኑ ጀርባ ማቆም ነው።

ስለ አፍ እንቅስቃሴ አንድ የሚያዝናና ነገር አለ። የቪአርኤም ገጸ ባህሪ አምስት የአፍ ቅርጾች አሏት፦ ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ። የጃፓንኛ አናባቢዎች አምስት ስለሆኑ ነው። የኛ ፊደል ግን ሰባት ቤት አለው። ግዕዙና ሳድሱ ቦታ አልተሰጣቸውም። አፏ በካሜራ ሲመራ ችግር የለም፤ የከንፈራችሁን ስፋት ይከተላል። ካሜራ አጥፍታችሁ በድምፅ ብቻ እንድትንቀሳቀስ ካደረጋችኋት ግን ግዕዙን ወደሚቀርበው ትስበዋለች፣ ሳድሱ ላይ ደግሞ ግራ ትጋባለች። «ብርድ ልብስ» በሉ እስኪ። ስድስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ እርሷ የምትይዘው ቅርጽ የላትም። ፍጥነት ባለው ወሬ ውስጥ ተመልካች አያስተውለውም፤ ግጥም በዝግታ ማንበብ ለሚፈልግ ግን ካሜራው ይሻለዋል።

ሥዕሏ ውድ የሆነችው

በማስታወቂያ የምታዩዋቸው፣ ጠፍጣፋ ሥዕል ሆነው ሳለ ፀጉራቸው የሚወዛወዝና አንገታቸው የሚዞር ገጸ ባህሪያት የተሠሩት ላይቭ ቱዲ በሚባል ፕሮግራም ነው። ዋጋው የሚንረው እዚህ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሥዕሉ እንደ ሽንኩርት ተላጦ ይሣላል፦ የፊት ፀጉር ለብቻ፣ የኋላው ለብቻ፣ እያንዳንዱ ሽፋሽፍት ለብቻ፣ በፀጉሩ ሥር የተሸፈነው ግንባር ሳይቀር ይሣላል፤ ፀጉሩ ሲወዛወዝ ይታያልና። ከዚያ ሌላ ባለሙያ እያንዳንዱን ቁራጭ ለቁጥሮቹ እንዲታዘዝ ያደርጋል፤ «ሪጊንግ» ይሉታል። ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፣ ክፍያቸውም ለየብቻ ነው። ውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች ለዚህ ከመቶዎች እስከ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃሉ። ሲነግሯችሁ «ዋጋው ሥዕሉን ብቻ ነው ወይስ ሪጊንጉንም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሥዕል ከፍሎ የማትንቀሳቀስ ቆንጆ ይዞ የቀረ ሰው አለ።

ራሳችሁ ለመሞከር ግን በር አለ። የላይቭ ቱዲ ነፃ ዕትም የተወሰነ ቢሆንም ለመማር ይበቃል፤ ሙሉው ዕትም ደግሞ ለ42 ቀን በነፃ ይሞከራል። ሥዕሉን ክሪታ በሚባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም በየሽፋኑ ሠርቶ ማስገባት ይቻላል። ሥዕል የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ የ42 ቀኑን ቆጠራ የምታስጀምሩት ሥዕሉ አልቆ ሲቀመጥ ነው እንጂ ሐሳቡ የመጣላችሁ ቀን አይደለም። የተሠራውን የሚያንቀሳቅሰው ቪቱብ ስቱዲዮም ስቲም ከሚባለው የጌም መደብር በነፃ ይወርዳል፤ ትንሽ ምልክት ስክሪኑ ላይ ይተዋል፣ ማስጠፊያው 15 ዶላር ገደማ ነው። ከአገር ውስጥ ሆኖ በዶላር መክፈል ቀላል አይደለም፤ ውጭ ያለ ዘመድ የሌለው ሰው ምልክቱን ታግሦ ይኑር። ማንም በምልክት ምክንያት ላይቭ ጥሎ ሲወጣ አላየሁም። ፕሮግራሙ ለሙከራ የሚሆኑ ዝግጁ ገጸ ባህሪያትም ይዞ ይመጣል።

ቡዝ በሚባለው የጃፓን ገበያ ላይ በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ የሚገኙ ገጸ ባህሪያት አሉ። እነዚህን ስትወስዱ የአጠቃቀም ደንቡን በትርጉም መሣሪያም ቢሆን አንብቡት። አንዳንዱ ገንዘብ ለሚያስገኝ ሥራ አይፈቅድም፣ አንዳንዱ መቀየር አይፈቅድም። ቴሌግራም ላይ በነፃ ከሚለቀቁ «ሞዴሎች» ራቁ፤ ብዙውን ጊዜ የሰው ሥራ ተሰርቆ ነው የሚመጣው፣ ባለቤቱ ባመለከተ ቀን ቻናላችሁ ነው የሚጎዳው።

ኮምፒውተር ለሌለው

ስልክ ብቻ ላለው ሪያሊቲ የሚባል የጃፓን መተግበሪያ አለ። ገጸ ባህሪውን እዚያው ትሠራላችሁ፣ በስልኩ የፊት ካሜራ ትንቀሳቀሳለች፣ እዚያው ላይቭ ትገባላችሁ። ለመለማመድ ጥሩ ነው፤ አድማጩ ግን አማርኛ ተናጋሪ አይደለም፣ የሠራችኋት ገጸ ባህሪም የመተግበሪያው ናት። ኮምፒውተር ላለው ሰው ደግሞ ስልክ የሚጠቅመው በካሜራነቱ ነው። በተለይ ከአይፎን ኤክስ ጀምሮ ያሉት፣ ከኤስኢዎቹ በቀር፣ ፊትን በጥልቀት የሚለካ ካሜራ ስላላቸው ምላስ ሲወጣና ጉንጭ ሲነፋ ሳይቀር ያስተውላሉ። አይፎን ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው ለዚህ ብሎ አይግዛ።

ድምፅ፣ ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ

ፊት የለም። ተመልካች ስለ እናንተ የሚያውቀው በድምፅ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ማይክ ከአፍ ሩቅ ስለሆነ ከእናንተ ይልቅ ክፍሉን ይቀዳል፦ የግድግዳውን ማስተጋባት፣ የማራገቢያውን ጩኸት፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን። ከስልክ ጋር የመጣ ባለ ገመድ ኢርፎን ማይኩ ከንፈር አጠገብ ከተያዘ ከእርሱ በጣም ይሻላል። ልብስ ላይ እንዳይፋተግ በፕላስተር ለጥፉት። ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ የሚገዛው ዩኤስቢ ማይክ ነው። ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ»ና «ጰ» ነፋስ ይነፉበታል።

ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ቅድም ያልኳችሁን ብርድ ልብስ አምጡና ፊት ለፊታችሁ ባለው ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ጋቢም ይሠራል። የልብስ ቁምሳጥን ከፍቶ ወደ ልብሶቹ እያዩ ማውራትም ያው ነው። ኦቢኤስ ውስጥ ድምፅ የሚያጣራ ማጣሪያ በነፃ አለ፤ የማራገቢያ ጩኸትን ጥሩ አድርጎ ያጠፋል። ዝም ስትሉ ማይኩን የሚዘጋ «ኖይዝ ጌት» የሚባልም አለ፤ እርሱን ግን በስሱ ያዙት። የአማርኛ ቃል ብዙ ጊዜ በሳድስ፣ በዝግታ ያልቃል፤ ጌቱ ከበረታ የቃሉ ጭራ ይቆረጥና «ሰላም» ያላችሁት «ሰላ» ሆኖ ይሄዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሚዘንብ ዝናብ ግን ማጣሪያ የለውም። ክረምት ላይ የላይቭ ሰዓታችሁን ከሰዓት በኋላ አታድርጉ።

ኢንተርኔቱን እናስላ

ላይቭ ስትገቡ ዋናው አፕሎድ ነው፣ ከእናንተ ወደ ውጭ የሚላከው፤ ቪዲዮ ለማየት የሚያገለግለው ዳውንሎድ አይደለም። ፍጥነት ስትለኩ ሁለተኛውን ቁጥር ተመልከቱ። ከምትልኩት በላይ ቢያንስ ግማሽ ያህል ትርፍ ይኑራችሁ።

ፍጆታውን ማስላት ቀላል ነው። ኦቢኤስ ላይ የምትሞሉትን የቢትሬት ቁጥር (በሰከንድ የሚላከውን ኪሎቢት) በስምንት ማካፈል፣ ከዚያ በሰዓቱ 3,600 ሰከንድ ማባዛት። በ720ፒ የምስል ጥራት ለጌም የተለመደው 2,500 ኪሎቢት አካባቢ ነው፤ ድምፁ ሲጨመርበት 2,600 ይሆናል። ሲሰላ በሰዓት 1.2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ለሚገባ ሰው በወር 31 ጊጋባይት ያህል ማለት ነው። ይህ የአፕሎዱ ብቻ ነው፤ ቻት እያዩ የራሳችሁን ላይቭ በስልክ ከከፈታችሁ ደግሞ ዳውንሎዱ ይጨመራል።

ሁለቷ ሥዕል አሁንም እዚህ ታድነናለች። ጌም ውስጥ ስክሪኑ በሙሉ ይለዋወጣል፤ ያንን ለመላክ ብዙ ኪሎቢት ያስፈልጋል። በቆመ ጀርባ ላይ አፏን የምትከፍት አንዲት ጀበና ግን ብዙ የሚለወጥ ነገር የላትም። 1,000 ኪሎቢት ላይ ብታደርጉት እንኳ ጥርት ብላ ትታያለች። ፍጆታው በሰዓት ወደ ግማሽ ጊጋባይት ይወርዳል፤ ወሩ 13 ጊጋባይት። ወሬና ጨዋታ፣ መጽሐፍ ማውሳት፣ ቋንቋ ማስተማር ለሚፈልግ ሰው ከጌም ይልቅ ይህ ነው በዳታ ሊኖር የሚችለው። ኦቢኤስ ውስጥ ኔትወርክ ሲደክም ጥራቱን በራሱ የሚቀንስ ምርጫ አለ፤ አብሩት። መቆራረጥ ከመደብዘዝ ይከፋል።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ዋይፋዩ ግን ይሞታል። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አስቀድሞ አያይዞ ማቆየት ከመሯሯጥ ያድናል። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪም ገበያ ላይ አለ።

ፊት ተደብቆ ስም እንዳይወጣ

ሰዎች የሚጋለጡት በካሜራ ሳይሆን በቴሌግራም ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት ሆኖ ሳለ «ማሚ፦ የት ነህ?» የሚል መልእክት ከነሙሉ ስም ጥግ ላይ ብቅ ይላል። ኦቢኤስ ላይ ሙሉ ስክሪን ከማሳየት ይልቅ አንድ መስኮት ብቻ አሳዩ፤ ለዚህ ሥራም የተለየ የዊንዶውስ መግቢያና የተለየ ኢሜይል ክፈቱ። ስትሪም ኪይ የሚባለውን ረጅም የምስጢር ኮድ ለማንም አታሳዩ፤ እርሱን የያዘ ሰው በእናንተ ቻናል ላይቭ ይገባል። ስጦታ ስትቀበሉ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከሰጣችሁ ስማችሁም አብሮ ይወጣል። ድምፅ ደግሞ አይደበቅም፤ የሚያውቃችሁ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይለያችኋል። ድምፅ መቀየሪያ ተጠቅሞ ሁለት ሰዓት የሚያደምጡት ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቤተሰብ እንዲያውቅ ፈጽሞ የማትፈልጉ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ከመጀመሪያው ላይቭ በፊት ኦቢኤስ ላይ «ቅዳ»ን ተጭናችሁ አሥር ደቂቃ አውሩ፤ የቀዳችሁትንም በርካሽ ስልክ ስፒከር ስሙት። አብዛኛው አድማጭ የሚሰማው በዚያ ነውና። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ላይቭ መግባት ወዲያው አይከፈትም፤ ስልክ ቁጥር አረጋግጣችሁ ካመለከታችሁ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻውን ዛሬ ማታ አስገቡ፤ ጀበናዋን ነገ ትሥላላችሁ።